የአባዬ አንጀት፣ የእማዬ ጓዳ

አባዬ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ እፍኝ አንስቶ ጆሮው ስር ማንኳኳት ነበር። በደንብ የደረቀ ከሆነ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ እርጥበት ያለው ደግሞ ዝም ነው የሚለው፣ እና ዝም ያለውን ከገዛችሁ መጋዘን ውስጥ ይሻግትባችኋል። ሐሙስ ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ገበያ አብሬው ስሄድ እፍኙን ወደ እኔ ጆሮ ያስጠጋና "ሰማሽ?" ይለኛል፣ እኔም "አዎ አባዬ" እላለሁ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያኔም ቢሆን የገባኝ ነገር አባዬ ለቡናው ይጠነቀቃል እንጂ ለብሩ አይሳሳም፣ ኮሽ ካለለት ያለውን በሙሉ ይሰጣል፣ የሌለውንም ተበድሮ ይጨምራል፣ ማታ ራቱን በልቶ ጋደም እንዳለ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል።

የማትተኛው እማዬ ነበረች።

እማዬ ጓዳ ውስጥ ከጤፍ ጆንያው ጀርባ የምታስቀምጠው ሰማያዊ ደብተር ነበራት፣ አሁንም አላት፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ይሆናል። ዕቁቡ መቼ እንደሚደርሳት፣ የትምህርት ቤት መቼ እንደሚከፈል፣ የእድር፣ የዘይት፣ ከማን ምን እንደተበደረች፣ ሁሉም እዛ ላይ አለ። አንድ ዓመት አባዬ ዋጋ ሊጨምር ነው ብሎ የዕቁቡን ብር ጠየቃት። "የቡናው ብር የቡናው ነው፣ ይሄ የልጆቹ ነው" አለችው። ሳምንት ተኳርፈው ከረሙ፣ ብሩ ግን ከደብተሩ አልወጣም።

በኋላ ነው የእሷ እምቢታ ምን እንደሠራ የገባኝ። በ2003 የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ3 ዶላር ሲያልፍ አባዬ አይሱዙ ገዛ፣ የፊት ለፊቱን ሁለት ክፍል ሠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ፣ አይሱዙው ተሸጠ፣ ብድሩም ተከፈለ። እኛ ግን አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረንም። ልጅ ሆኜ ይሄን የአባዬ ጉብዝና ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ወድቆ ስለሚነሳ። ወድቆ የሚነሳው የሚወድቅበትን ፍራሽ እማዬ አንጥፋ ስለጠበቀችው ነው።

አሁን ይሄን ሁሉ ያነሳሁት ሥራ ቦታ ሻይ ስንጠጣ ወሬው ሁሉ ብር የት ይቀመጥ ስለሆነ ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ጊዜ ጀምሮ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ካየን በኋላ፣ ማንም ሰው ብሩን ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይፈልግም፣ አንዷ ወርቅ ትላለች፣ አንዱ ቦታ ይላል፣ አንዱ የባንክ ሼር፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሆነ አፕ ያሳያችኋል፣ ከዛ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ይሉኛል የቡና ነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ። ምን ይሻላል ለሚለው መልስ የለኝም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፣ አንጀትሽ እንዴት ነው፣ ጓዳሽስ?

ሰው "ሪስክ እችላለሁ" ሲል ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያወራው። አንጀት ማለት ብራችሁ ሲቀንስ እያያችሁ ሥራችሁን መሥራት፣ ልጃችሁ ላይ አለመጮህ፣ መተኛት መቻል ነው። ጓዳ ደግሞ ብሩ ከነጭራሹ ቢጠፋ የሚበላው፣ የሚከፈለው፣ የሚታከሙበት አለ ወይ የሚለው ነው። አባዬ አንጀቱ ሰፊ ነበር፣ ጓዳውን ያቆመችለት እማዬ ናት። እና ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እኩል ሆነው የሚገኙት ስንቴ ነው? ብዙ ጊዜ አንዱ ያንሳል፣ መለካት ያለብን ደግሞ ባነሰው ነው፣ በበለጠው ከለካን ያነሰው በኩል ይቀደዳል።

እኔ ይሄን የተማርኩት ተቀድዶብኝ ነው።

በታኅሣሥ 2016 አጋሮ ያለው አጎቴ የአቅራቢነት ፈቃድ ስላለው ለቡና መግዣ ብር ያሰባስብ ነበር። እኔና ባለቤቴ ለቤታችን በርና መስኮት ያስቀመጥነው 200,000 ብር ነበረን፣ በክረምቱ ሠርተን ልንገባበት። እኔ የአባዬ ልጅ ነኝ፣ ቡና አያስፈራኝም አልኩ። አጎቴ እንኳን "ልብ ብለሽ ነው? ቡና እኮ ነው፣ ይወርዳል ይወጣል" ብሎኛል። ችግር የለም አልኩት፣ ከልቤ ነበር ያልኩት፣ ያን ቀን ዋጋው እየጨመረ ነበራ! ዋጋ ሲጨምር ሁሉም ሰው አንጀት አለው።

ጥር ላይ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ብዙም አልነበረም። ግን ሌሊት 9 ሰዓት እየነቃሁ ስልኬን ከፍቼ የኒውዮርክን ዋጋ ማየት ጀመርኩ፣ እዚህ ጅማ አልጋ ላይ ሆኜ፣ የስልኩ ብርሃን ባለቤቴ ፊት ላይ እየበራ። ጠዋት ሳይነጋ ለአጎቴ እደውላለሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ስልኬን ሲያይ ድምፁ እንደሚለወጥ ይታወቀኝ ነበር። ሥራ ላይ አንድ ቀን ለአንዲት እናት የሰጠኋትን መድኃኒት ሁለቴ ጠርቼ አስመልሼ አየሁት፣ ትክክል ነበር፣ ግን ስሰጣት ሐሳቤ የት እንደነበር አላስታውስም። ያን ቀን ማታ ደውዬ "ብሬን አውጣልኝ" አልኩት። ሒሳቡን አጣርቶ 171,000 መለሰልኝ። 29,000 ብር። ሚያዝያ ላይ ዋጋው ተመልሶ ከነበረበትም አለፈ፣ አብረውኝ የገቡት አተረፉ።

ሰው ይሄን ስነግረው "ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ" ይለኛል። እኔ ግን እስከዛሬ የሚቆጨኝ መውጣቴ አይደለም። ያ ብር የበርና የመስኮት ብር ነው፣ ክረምት የሚባል ቀን ተቆርጦለታል፣ ሚያዝያ ላይ ባይመለስስ? ቡና በፈረንጆቹ 2019 በፓውንድ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ገበሬው ለለቃሚ እንኳን አልበቃ ብሎት አይተናል፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፣ በመሃል ስድስት ዓመት አለ፣ ስድስት ዓመት በርና መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ማን ይጠብቃል? ስህተቴ መግባቴ ነበር። ቡናው ላይ ምንም አልልም፣ ብሬ ለቡና የሚሆን ብር አልነበረም፣ አንጀቴም የአባዬ አንጀት አልነበረም፣ ሁለቱንም ሳልለካ ነው የገባሁት።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። አላገባም፣ እማዬ ቤት ነው የሚኖረው፣ ደመወዙ ወር ጠብቆ ይገባል፣ የሚከፍለው ኪራይ የለ፣ ልጅ የለ። ጓዳው ሙሉ ነው። ግን ከ2010 ጀምሮ ያጠራቀመው ብር በሙሉ ቁጠባ ላይ ነው የተኛው። ጥቅምት 2010 ብር 15 በመቶ ሲዳከም ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል ደስ ብሎት እንደነገረኝ አስታውሳለሁ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን አንድ ቀን ቁጭ ብለን አሰላን፣ 100,000 ብር በዓመቱ 107,000 ሆነ፣ በዓመቱ መጀመሪያ በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130,000 በላይ ሆኗል። ወረቀቱን አየና "ግን አልቀነሰም እኮ" አለኝ። ቁጥሩ አልቀነሰም፣ እውነቱን ነው። በ2017 ንረቱ ቀንሶም ቢሆን ከ7ቱ በላይ ነበር። የሱ ኪሳራ ድምፅ የለውም፣ ሌሊት 9 ሰዓት አይቀሰቅሰውም፣ ለዛ ነው ይሄን ያህል ዓመት ሳያስቸግረው የኖረው። ምንም ቢነገረው አንጀቱ እምቢ ካለ በግድ አይሆንም፣ ግን ከመቶው አስሯን አውጥቶ መለማመድ ይችላል፣ አንጀትም እንደ እግር ነው፣ በመሄድ ይጠነክራል። በሙሉ ብር መለማመድ ነው የሚያስፈራው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ሰፈራችን ያለው ባጃጅ ነጂ ልጅ ነው። አንጀቱ የአባዬ ዓይነት፣ ጓዳው ግን ባዶ። የሰው የዕቁብ ዕጣ ገዝቶ ቴሌግራም ላይ የመጣ በቀን 3 በመቶ የሚከፍል ነገር ውስጥ አስገባው፣ መጀመሪያ ትንሽ ከፈሉት፣ ጨመረ፣ ከዛ ግሩፑ ጠፋ። ባጃጁን ሸጦ የዕቁቡን ዕዳ ከፈለ፣ አሁን የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሰው "ስግብግብነት ነው" ብሎ ይፈርድበታል፣ እኔ ግን እንዲህ አላየውም፣ ጓዳው ባዶ የሆነ ሰው ነው ከሁሉም በላይ የሚቸኩለው፣ በዝግታ የሚያድግ ነገር መጠበቂያ የለውም። ለማንኛውም፣ በቀን 3 በመቶ ማለት ትርፉ እየተደመረ ከሄደ በ24 ቀን እጥፍ ማለት ነው። የት ያለ ንግድ ነው በ24 ቀን ብር የሚያጥፈው? በቡናም በኮንትሮባንድም የለም። ይሄ የአንጀት ጉዳይ አይደለም፣ ሌብነት ነው፣ ሌብነት ደግሞ ሪስክ ተብሎ አይቆጠርም።

አንጀት ከየት ይመጣል ብዬ ብዙ አስባለሁ። አያቴ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሦስት ቤት ነበራቸው፣ ሁለቱን ያከራዩ ነበር፣ ቤት ነው እንግዲህ፣ ከድንጋይ የተሠራ፣ ከዛ የበለጠ አስተማማኝ ነገር ምን አለ? ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ ሁለቱ ተወረሱ፣ አንዷ መኖሪያቸው ቀረች። አባዬ ያኔ ልጅ ነበር። ሲያድግ ብሩን ድንጋይ ላይ ማሰር አልፈለገም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚወደው፣ ዛሬ ገዝቶ በወሩ የሚሸጠው። ታላቅ እህቱ አክስቴ ደግሞ እዛው ቤት አድጋ፣ ያንኑ ቀን አይታ፣ በሕይወቷ ከወርቅ ሌላ ምንም ገዝታ አታውቅም፣ አንገቷ ላይ ያለውን ብቻ ነው የምታምነው። አንድ ቤት፣ አንድ አዋጅ፣ ሁለት ዓይነት ልጅ። አንድ ሰው "እኔ ኪሳራ አልፈራም" ወይም "እኔ ፈሪ ነኝ" ሲለኝ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ቤታቸው ውስጥ ማን ምን አጥቶ ያውቃል የሚለውን ነው፣ ብዙ ሰው የሚወስነው ራሱ ላይ ሳይሆን ቤተሰቡ ላይ በደረሰ ኪሳራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጎረቤታችን ሐጂ ሱቅ አላቸው፣ አንድ ቀን ስለ ወለድ ሳወራቸው ሳቅ ብለው "ልጄ፣ እኔ ኪሳራ አልፈራም፣ የማልፈልገው ትርፍ አለ" አሉኝ። እሳቸው ብራቸውን ያስቀመጡት ከወለድ ነፃ ነው፣ ትርፍ ከመጣ የሚካፈሉበት ሙዳረባ የሚባለው ላይ፣ ድሮ ይሄ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው ሰፊ የሆነው። ጅማ ውስጥ ይሄን ሳይጠይቅ ምክር የሚሰጥ ሰው ለብዙው የከተማ ሰው አልመከረም። ቁጥሩ ቢያምርም ህሊና ከማይቀበለው ብር ጋር መኖርም አንጀት ይጠይቃል።

ሼርን በተመለከተ እኔ የገዛሁት ጥቂት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር አንዱ 300 ብር ነበር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። እሷን ገዛሁ፣ በቴሌብር፣ ጓዳ ቆሜ ሽንኩርት እየላጥኩ። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው፣ ስለዚህ ያመነታሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እማዬ ሰምታ "መቼ ነው የምትሸጪው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። "መቼ እንደሚሸጥ የማታውቂውን ነገር ለምን ገዛሽ?" አለች፣ ቆጣ ብላ ሳይሆን ልትረዳው ፈልጋ ነው። ጥያቄዋ ከሁሉም ጥያቄ ይበልጣል። ብዙ ሰው የባንክ ሼር ሲገዛ ምን ያህል ይከፍላል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ብሩ ያስፈለገው ቀን ግን ገዢ በወሬ በወሬ መፈለግ ነበረበት፣ ጥር 2 ቀን 2017 አክሲዮን በይፋ የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከተከፈተ፣ ወጋገን ባንክም መጀመሪያ ከተመዘገበ ወዲህ መንገዱ ተጀምሯል፣ ግን መንገድ መኖሩና ጠዋት ተነስቶ መሸጥ መቻል የተለያየ ነው። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ስላዘዘ በየዓመቱ የሚከፈለውን ትርፍ ጠብቆ ለሚኖር ጡረተኛ ትርፉ በእጁ ሳይገባ ወደ አክሲዮን ሊዞርበት ይችላል። ባንኩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ለሰውዬው ግን አይሆነውም። 33ቷ አክሲዮኔ ለኔ ሆናኛለች፣ ነገ ዜሮ ብትሆን የማዝንበት እንጂ የምራብበት ብር አይደለም።

ቁጠባውም ቢሆን ሁሉም በአንድ ቦታ መሆን የለበትም፣ ባንክ ቢከስር ለአስቀማጩ የሚከፍለው የተቀማጭ መድን ፈንድ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነው፣ ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ነበር የደነገጠው፣ ከዋጋ ንረቱ ይልቅ። ሰው የሚፈራው ነገር እንዲህ ይለያያል።

ብርን በተለያየ ነገር ላይ ማከፋፈል ሲባል የአባዬን የቡና ማሳ ነው የማስታውሰው። በፈረንጆቹ 1971 ሲቢዲ የሚሉት፣ ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ የሚያጠቁረው በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ ስንቱን ቡና እንዳደረቀ ሽማግሌዎቹ ያወራሉ። ከዛ መልኮ ያለው ምርምር ጣቢያችን በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለየ፣ 74110፣ 74112 የሚባሉት፣ 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። አባዬ ያቺን ትንሽ ማሳ ሲተክል ሁሉንም በአንድ ዝርያ አልሞላትም፣ ሁለቱን ቁጥር ከአካባቢው ቡና ጋር ደበላልቆ ነው የተከለው፣ "አንዱ ቢታመም አንዱ ይተርፋል" ብሎ። ማሳው ላይ እንዲህ የሚያስብ ሰው ብሩን ግን በሙሉ ጀንፈል ላይ ያደርግ ነበር። ይሄን ሳስብ ይገርመኛል፣ ማስተዋሉ ነበረው፣ እጁ ላይ ነበር ያለው፣ ከማሳው ወደ ኪሱ ግን አልተሻገረም።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነው። የእማዬ ዓይነት ደብተር ገዛሁ። ማንኛውም ብር ከመንቀሳቀሱ በፊት መቼ እንደሚያስፈልገኝ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ቀን የተቆረጠለት ብር የሚወርድ የሚወጣ ነገር ላይ አይገባም፣ አበቃ። ከዛ ኪሳራውን በፐርሰንት ሳይሆን በስሙ እጽፈዋለሁ። "30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል" ሲባል ምንም አይሰማኝም፣ "የልጄ የአንድ ዓመት ትምህርት ቤት ክፍያ" ብዬ ስጽፈው ግን እጄ ይቆማል ወይም አይቆምም፣ እጄ ነው የሚነግረኝ። ፈቃድ ያላቸው የኢንቨስትመንት አማካሪዎች እየመጡ ነው፣ ፎርም ያስሞላሉ፣ ብርዎ ቢቀንስ ምን ያደርጋሉ ብለው ይጠይቃሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እኔም ታኅሣሥ ላይ ቢጠይቁኝ "እታገሳለሁ" ብዬ ነበር የምሞላው። ፎርሙን የሚሞላው ጠዋት ሻይ የጠጣው ሰው ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቃው ሌላ ነው።

አባዬ አሁን ጉልበቱ ደክሟል፣ ገበያ መሄድ ትቷል። ባለፈው ወር የመጋዘን ድርሻውን ለሸሪኩ ሸጦ ብሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ጠራኝ። "አንቺ ታውቂያለሽ፣ ጥሩ ነገር ላይ አድርጊልኝ" አለኝ። ደብተሬን አወጣሁና "አባዬ፣ ይሄ ብር ግማሽ ቢሆንስ?" አልኩት። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ ድሮ ቢሆን "እና ግማሹ አለ አይደል?" ነበር የሚለኝ።

ዝም አለ። ከጎኑ ያለው ሰሃን ላይ ለቤት የሚሆን ጀንፈል ነበር፣ ሳያስበው አንድ እፍኝ አነሳ፣ ጆሮው ስር አንኳኳው፣ ከዛ መልሶ ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረው፣ የግራው አሁን ብዙም አይሰማለትም።

"ለጉልበቴ ሐኪሙ ስንት ነው ያለው?" አለኝ።

ነገርኩት።

"እሱን ለእናትሽ ስጫት" አለ። "ከቀረው ትንሽ ቡና ግዢበት፣ ትንሽ ነው ያልኩሽ።"

እማዬ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ደብተሯን ይዛ ወጣች፣ መነጽሯን ፈልጋ አጣችና የኔን ተቀበለችኝ፣ "ቀኑ ስንት ነው ዛሬ?" አለች፣ ነገርኳት፣ ጻፈችው።